ሁለተኛው ሃይም

ጀርመን አገር ለኖረ ኢትዮጵያዊ «ሃይም» የሚለው ቃል ሁለት ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው የወጣትነት ነው። በ1980ዎቹ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገር ቤቱ ሲሆን «ዓ.ም.» ይጨመርበታል) ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከ«አዙል» ቀጥሎ የሚማረው የጀርመንኛ ቃል «ሃይም» ነበር። የ1982ቱ የጥገኝነት ሥነ ሥርዓት ሕግ ጠያቂዎች እንደ ደንብ በጋራ መኖሪያ እንዲቀመጡ፣ ከተመደቡበት ወረዳም ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አዘዘ። በሄሰን ክፍለ ግዛት ይህ የጋራ መኖሪያ ሽቫልባኽ በምትባል የታውኑስ ከተማ ነበር፤ ከደርግ የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የጀርመን ኑሯቸውን የጀመሩት እዚያ ነው። ክፍሉን ከማን ጋር እንደሚጋራ፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ሥራ መሥራትም ለረጅም ጊዜ ክልክል ነበር። ያ ትውልድ ያንን ቤት ሲያስታውስ ስለ ጣሪያውና ስለ አልጋው ክፉ አያወራም። የሚያወራው ስለ መጠበቅና ስለ መታዘዝ ነው።

ሁለተኛው ሃይም የእርጅና ነው። ከሽቫልባኽ ተነስቶ ወደ ፍራንክፈርት ለሚሄድ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ዞሰንሃይም ይደርሳል። ዞሰንሃይም እስከ 1928 ድረስ ለብቻዋ የኖረች መንደር ነበረች፤ በዚያ ዓመት ከጎረቤቷ ከሆኽስት ጋር ወደ ከተማው ተጠቃለለች። ሆኽስት በ1863 የተመሠረተው የቀለም ፋብሪካ ያሳደጋት የሠራተኛ አካባቢ ናት፤ ፋብሪካው ኋላ በመድኃኒት ዓለም አቀፍ ስም አወጣ። ጀርመን በ1961 ከቱርክ፣ በ1963 ከሞሮኮ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ስትፈራረም በእነዚህ የምዕራብ ሰፈሮች የሰፈሩት ሠራተኞች «እንግዳ ሠራተኛ» ተባሉ። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል እንጂ አያረጅም ተብሎ ነበር የታሰበው። በ1973 መንግሥት ምልመላውን ሲያቆም ብዙዎቹ እንደታሰበው አልሄዱም። ሚስትና ልጆቻቸውን አስመጡ፤ ቀሩ፤ አረጁም።

በኩርማይንዘር ጎዳና ላይ የቆመው የቪክቶር ጎላንትስ ቤት የዚህ ስሌት ስህተት ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤቱን የሚያስተዳድረው በከተማው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራው የፍራንክፈርት ማኅበር ሲሆን፣ ራሱን «ባህላትን ያገናኘ የአረጋውያን ማዕከል» ብሎ ከሰየመ ቆይቷል። ለሙስሊም ነዋሪዎች የጸሎት ክፍል አለው፤ ወጥ ቤቱ የሃይማኖት ክልከላን ያውቃል፤ ሠራተኞቹ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው። ዛሬ ይህ ብዙ ላያስገርም ይችላል። ቤቱ በዚህ መንገድ ሲጀምር ግን በጀርመን ብርቅ ነበር።

የስሙ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቪክቶር ጎላንትስ በ1893 ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ የመጻሕፍት አሳታሚ ነው፤ የጆርጅ ኦርዌልን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1933 ያሳተመው እሱ ነው። ስለ ናዚዎች ግፍ ብሪታንያ ውስጥ ቀድመው ከጮኹት አንዱ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ብዙዎች ያልጠበቁትን አደረገ። የተሸነፉት ጀርመኖች እየተራቡ ነው፣ ከራሽናችን እናካፍላቸው ብሎ ዘመቻ ጀመረ። በ1946 በብሪታንያ ይዞታ ሥር ያሉትን የጀርመን ከተሞች ዞረ፤ ጓዳ ገብቶ አየ፣ ጫማ የሌላቸውን ሕፃናት ፎቶግራፍ ያዘ፣ በማግስቱም ዓመት መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። በ1960 የጀርመን የመጻሕፍት ንግድ የሰላም ሽልማትን እዚሁ ፍራንክፈርት ተቀበለ። እንግዲህ በዚህ ሰው ስም የተጠራ ቤት ውስጥ ነው የቱርክ፣ የሞሮኮና የሌላም አገር ሽማግሌ «እዚህ ማን ይወስናል?» ብሎ የሚጠይቀው።

ጥያቄው ግን ከስደተኞቹ በፊትም ነበረ። በመካከለኛው ዘመን ፍራንክፈርት ውስጥ የመንፈስ ቅዱስ ሆስፒታል ድሆችንና ደካሞችን ይቀበል ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮፓ «ሆስፒታል» ከሕክምና ቦታነቱ ይልቅ የመጠለያነቱ ይበልጣል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው በጋራ አዳራሽ አልጋና ሾርባ ያገኛል፤ በምላሹ ለለጋሹ ነፍስ ይጸልያል። ገንዘብ ያለው ግን እስከ ሞቱ የሚጦርበትን ቦታ አስቀድሞ ይገዛል፦ የራሱ ክፍል፣ የተሻለ ሥጋ፣ የወይን ድርሻ። ምርጫ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ይህ ሥርዓት ፈጽሞ ጠፍቷል የሚል ካለ የዛሬዎቹን የግል «ሬዚደንዝ» ማስታወቂያዎች ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ከተሠሩት ቤቶች ሁሉ ሊታወስ የሚገባው የቡጅ ቤት ነው። ፍራንክፈርት ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በባንክ ሥራ የበለጸገው አይሁዳዊ ሄንሪ ቡጅ በ1920 በራሱና በሚስቱ በኤማ ስም አንድ የበጎ አድራጎት ተቋም መሠረተ። ዓላማው አይሁድና ክርስቲያን አረጋውያን በአንድ ጣሪያ ሥር እኩል የሚኖሩበት ቤት ነበር። ቤቱ በ1930 ተከፈተ። ጊዜው ኤርንስት ማይ ከተማውን በአዲስ ሥነ ሕንፃ የሚያድስበት ዘመን ስለነበር ማርት ስታምና ጓደኞቹ ንጹሕ፣ ቀላል፣ ብርሃን የሞላበት ሕንፃ አወጡ። ሁሉም ክፍሎች ፀሐይ እንዲያገኙ ተደርገው ተደረደሩ፤ ከየክፍሉ ወደ ውጭ መውጫ ነበር። የአዳራሽ አልጋ፣ የተቆጣጣሪ ዓይን፣ የጋራ የጸሎት ሰዓት አልነበረም። አረጋዊ ሰው በሩን ዘግቶ ፀሐይ መሞቅ የሚችልበት ክፍል የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የቤቱ መነሻ ሐሳብ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በ1939 አይሁዳውያኑ ነዋሪዎች ከቤቱ ተባረሩ። በ1942 ነሐሴና መስከረም ከፍራንክፈርት ወደ ቴሬዚየንሽታት የተነሱት ባቡሮች የጫኑት በአብዛኛው አረጋውያንን ነበር፤ በከተማው ከነበሩ የአይሁድ የአረጋውያን ቤቶች የተሰበሰቡ። ከሁሉ የሚዘገንነው አሠራሩ ነው። ብዙ የጀርመን አይሁዳውያን ሽማግሌዎች ከመጓዛቸው በፊት «የመኖሪያ ቤት ግዢ ውል» የሚባል ወረቀት እንዲፈርሙ ተደርገዋል። ያላቸውን ገንዘብ ያስረክባሉ፤ በምላሹ ዕድሜ ልካቸውን መኖሪያ፣ ምግብና ሕክምና ያገኛሉ ይላል ውሉ። የአረጋውያን ቤት ውል በሚመስል ወረቀት ሀብታቸውን ተዘርፈው ወደ ማጎሪያ ሄዱ። ከፍራንክፈርት ብዙ በማይርቀው ሐዳማር ደግሞ በ1941 ብቻ ከ10,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በጋዝ ተገድለዋል፤ የገደሏቸውም ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። የጀርመን ሕግ ዛሬ በአንድ የአልጋ መከታ ላይ ዳኛ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው ብሎ ለሚደነቅ ሰው መልሱ ከፊሉ እዚህ ነው።

ቢሆንም ትምህርቱ ቶሎ አልተወሰደም። ከጦርነቱ በኋላ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል የአረጋውያን ቤት ማለት ንጽሕና፣ ሾርባና ጸጥታ ማለት ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት አልጋ የተለመደ ነው። አገር አቀፍ የሃይም ሕግ የወጣው በ1974 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1975 መጀመሪያ ነው። በ1976 ነዋሪዎች የራሳቸውን ምክር ቤት እንዲመርጡ የሚያዝ ደንብ ተከተለ። በ1978 የወጣው የሕንፃ ደንብ የአንድ ሰው ክፍል ቢያንስ 12 ካሬ ሜትር፣ የሁለት ሰው ደግሞ 18 ካሬ ሜትር ይሁን አለ። በ1993 ከእንክብካቤ ሠራተኞች ግማሹ የሠለጠነ ባለሙያ መሆን እንዳለበት ተደነገገ። እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ይመስላሉ፤ ግን 12 ካሬ ሜትር ማለት አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድ ወንበርና የቡና ረከቦት ይችል ይሆናል ማለት ነው። ለሁለት 18 ሲሆን ረከቦቱ ይቀራል።

ትልቁ ለውጥ ግን ከቤቶቹ ሕግ ሳይሆን ከፍትሐ ብሔሩ መጣ። እስከ 1991 መጨረሻ ድረስ የጀርመን ፍርድ ቤት አንድን ሰው «ራሱን ማስተዳደር አይችልም» ብሎ ሙሉ በሙሉ መብት አልባ ሊያደርገውና ሞግዚት ሊሾምበት ይችል ነበር። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን «በፍርድ የተከለከለ ሰው» የሚለው ነው። ጀርመን ከ1992 ጀምሮ ይህን አስቀረች። በምትኩ ፍርድ ቤቱ ለሚያስፈልገው ጉዳይ ብቻ ረዳት ይሾማል፤ ረዳቱም የሰውየውን ፍላጎት የመከተል ግዴታ አለበት። አረጋዊን በቀበቶ ማሰር፣ ያለ ፈቃዱ የአልጋ መከታ ማንሳት፣ ወይም እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ማደንዘዣ መስጠት ነፃነትን መንፈግ ተባለ። በተደጋጋሚ ወይም ለረጅም ጊዜ የሚደረግ ከሆነ ዳኛ መፍቀድ አለበት። «ለእሳቸው ደህንነት ብለን ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም።

እዚህ ላይ ነው የእንክብካቤ ደረጃና የነዋሪው ምርጫ መጋጨት የሚጀምሩት። የእንክብካቤ መድን በ1995 ሲጀመር ገንዘቡን የሚከፍሉት መድኖች የገዙትን አገልግሎት መለካት ፈለጉ። በ2009 ለየቤቱ እንደ ተማሪ ነጥብ መሰጠት ተጀመረ፤ በጀርመን 1 ከሁሉ የላቀ ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የአገሪቱ አማካይ 1.2 ገደማ ደረሰ። ሁሉም አንደኛ ወጣ። ምሥጢሩ ቀላል ነበር፦ የቁስል እንክብካቤ ላይ የተገኘን ደካማ ነጥብ የምግብ ዝርዝሩን በትልልቅ ፊደል በመጻፍ የተገኘ ጥሩ ነጥብ ያካክሰዋል። የጀርመን ጋዜጦች በዚህ ብዙ ቀለዱ። በ2019 ነጥቡ ቀርቶ በሌላ መለኪያ ተተካ፦ ስንት ነዋሪ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፣ ስንቱ በመተኛት ብዛት ቆሰለ፣ ስንቱ ታሰረ፣ ስንቱ ያለ ዕቅድ ክብደት ቀነሰ።

የተሻለ መለኪያ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከዐቢይ ጾም አንፃር ይታይ። ዕድሜዋን ሁሉ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን የጾመች የ82 ዓመት ሴት ሃይም ገባች እንበል። የጀርመን ወጥ ቤት «ጾም» ሲባል ጨርሶ አለመብላት ይመስለዋል፤ «ቬጀታሪያን» ብሎ ቢያቀርብላት አይብና ቅቤ አለበት። መፍትሔው «ቪጋን» የሚለው ቃል ነው፤ ልጆቿ ይህን አንድ ቃል በማዘዣው ወረቀት ላይ ካስጻፉ ግማሹ ችግር አለቀ። ሁለተኛው ግማሽ ግን አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልበላች፣ በሁዳዴ ሦስት ኪሎ ከቀነሰች፣ መለኪያው ላይ የምትታየው ጾመኛ ሆና ሳይሆን በሚገባ ያልተመገበች ሆና ነው። ትጉህ ነርስ በቅንነት እርጎ ይዛ ትመጣለች። አሮጊቷ አፏን ትዘጋለች። በመዝገቡ ላይ «ምግብ እምቢ አለች» ተብሎ ይጻፋል።

ሕጉ በዚህ ከማን ጋር ነው? ቢያንስ በወረቀት ከአሮጊቷ ጋር። የእንክብካቤ መድን ሕግ ገና በሁለተኛው አንቀጹ ዓላማው ሰው ራሱን ችሎ በክብር እንዲኖር መርዳት ነው ይላል፤ ሃይማኖታዊ ፍላጎት ይከበር ይላል። በ2008ቱ ማሻሻያ ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ የመታጠብ ጥያቄ በተቻለ መጠን እንዲስተናገድና እንክብካቤው ባህልን ያገናዘበ እንዲሆን ተጨመረ። «በተቻለ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ግን ከባድ ናት። ማታ ፈረቃ ላይ አንድ ወንድ ነርስ ብቻ ካለ አልተቻለም ማለት ነው። በ2005 የወጣው የተንከባካቢ ፈላጊዎች መብት ቻርተርም ስምንት ያማሩ አንቀጾች አሉት፤ ፍርድ ቤት ወስዶ የሚያስፈጽማቸው ግን የለም።

ስለዚህ ቤቱን ለብቻ መሥራት ይሻል ይሆን? የበርሊን ቱርኮች ሞክረውታል። በ2006 መጨረሻ በክሮይዝበርግ ለቱርክ አረጋውያን ብቻ የተዘጋጀ ትልቅ ቤት ተከፈተ፤ ሠራተኞቹ ቱርክኛ ተናጋሪ፣ ምግቡ ሐላል። አልጋዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ አልሞሉም። ቤተሰቦች እናታችንን ሃይም አስገባን ብለን በሰፈር እንዴት እንታያለን አሉ። የዞሰንሃይሙ ቤት የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፦ ጀርመኑም ቱርኩም ሌላውም በአንድ ቤት፣ ግን ለየራሳቸው ጸሎትና ማዕድ ቦታ ያላቸው። ከዘጠና ዓመት በፊት የቡጅ ቤት ካሰበው ብዙ አይርቅም። የቡጅ ተቋምም ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ቆሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዜክባኽ ሰፈር አይሁድና ክርስቲያንን አንድ ላይ ይጦራል፤ ምኩራብና የኮሸር ወጥ ቤት አለው። ሁለቱ ቤቶች በከተማው ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው። የተለየ ቤት ቋንቋን ይጠብቃል፤ የተደባለቀ ቤት ግን ለሰው የሚመርጠው ነገር ይተውለታል፤ ከነዚህም አንዱ ከወገኑ የሰፈር ወሬ ማረፍ ነው። ይህ የመጨረሻው በዲያስፖራ ዘንድ ጮክ ተብሎ ባይነገርም ቀላል ነገር አይደለም።

የኢትዮጵያውያን ቁጥር በፍራንክፈርት ለራሱ ቤት የሚበቃ አይደለም። በ1958 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ፍራንክፈርት መብረር ሲጀምር የሚመጣው ተማሪና ባለሥልጣን ነበር፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው ስደተኛ ዛሬ ጡረታ ላይ ነው። እስካሁን በጀርመን ሃይሞች ውስጥ አማርኛ የተሰማው ከአልጋው ላይ ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ ነው፦ ከነርሷ፣ ከረዳቷ፣ ከማታ ፈረቃ ሠራተኛው። በ1966 ኮሪያውያን ነርሶች ፍራንክፈርት ሲገቡ የተጀመረው የእንክብካቤ ስደት ዛሬ ሐበሾችንም ይዟል። የሰውን ሽማግሌ ሲያነሱና ሲያጥቡ ዓመታት ያሳለፉ ሴቶች ቤቱን ከውስጥ ያውቁታል። «እኔን ሃይም እንዳታስገቡኝ» ብለው ልጆቻቸውን የሚያስጠነቅቁትም እነሱ ናቸው።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ የአረጋውያን ቤት የሚባለውን ነገር እንደ እርግማን ቢያየው አይደንቅም። ግን የአገር ቤቱም ታሪክ ልጅ ጦሮ ወላጅ ተጦሮ ብቻ አልነበረም። ባል የሞተባት ሴት ቆብ ደፍታ፣ ሥጋና ቅቤ ትታ፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ባለች ጎጆ መኖር ትችል ነበር። ደብረ ሊባኖስን ወይም ሌላ ደብር ብሎ ወጥቶ የቀረ ሽማግሌም ብዙ ነው። ልጅ እያለቀሰ ቢለምን አይመለሱም። ይህ ከልጅ ቤት የመውጣት ምርጫ ነበር፤ ሰውየው ራሱ የሚወስነው፣ ማኅበረሰቡም የሚያከብረው። የጧሪ ቀባሪን ወግ የሚያነሱ ሰዎች ይህን ሌላውን ወግ ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ቆብ የደፋች እናት ሃይም ገብታ ቋሊማ ቢቀርብላት የተጣሰው «ባህል» የሚባል አጠቃላይ ነገር አይደለም፤ እሷ በገዛ አፏ የገባችው ቃል ነው።

የአገር ቤት ሕግ የሚያየው ቀለብን ነው። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ 1992 ዓ.ም.ው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ድረስ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ልጅም መንግሥትም ያልደረሱለትን ሰው ከጎዳና የሚያነሱት እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት ናቸው፤ በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ሰውን ከጎዳና ከማንሳት ጀምሮ አሁን በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ይይዛል። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው በሕይወት ይቆይ የሚል ነው። ለጎዳና አዳሪ ሽማግሌ ስለ ክፍል ስፋት ማውራት ቀልድ ይመስላል። ሆኖም ጀርመንም የጀመረችው ከጋራ አዳራሽና ከሾርባ ነው። ማን ይመርጣል የሚለው ጥያቄ ሀብት እስኪመጣ መጠበቅ አለበት ወይ? በ1930 የተከፈተው የቡጅ ቤት የተሠራው አገሪቱ በሥራ አጥነት በምትናጥበት ዓመት ነበር።

ጀርመን ላለው ቤተሰብ ደግሞ የገንዘቡ ስሌት ሌላ ነው። የመድኑ ክፍያ ከወጪው ከፊሉን ብቻ ይሸፍናል። ነዋሪው ከኪሱ የሚጨምረው በአገር አቀፍ አማካይ በወር ከ2,500 ዩሮ በላይ ሆኗል። በፅዳትና በታክሲ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ይህን አይችልም፤ ቀሪውን የማኅበራዊ እርዳታ መሥሪያ ቤት ይከፍላል። ከ2020 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ወደ ልጅ የሚዞረው የልጁ ዓመታዊ ገቢ ከ100,000 ዩሮ ሲበልጥ ብቻ ነው። ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ እናትን ሃይም ማስገባት ልጆቹን ዕዳ ውስጥ ይከታል ብሎ ይፈራል። በእርዳታ የሚኖረው አረጋዊ እጅ ላይ የሚቀረው የኪስ ገንዘብ ከመደበኛው የድጎማ መጠን ቢያንስ 27 በመቶ ነው፤ በ2024 ወደ 152 ዩሮ ይደርስ ነበር። ጸጉር መስተካከያው፣ ዕጣኑ፣ ቡናው፣ የስልክ ካርዱ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው ታክሲ፣ አገር ቤት ላለች እህት የሚላከው ሁሉ ከዚያች ላይ ነው። የሰውን የምርጫ ስፋት በእውነት ማወቅ የፈለገ ከቻርተሩ ይልቅ ይህን ቁጥር ይያዝ።

ሌላው የሚያስጨንቀው ቋንቋ ነው። የመርሳት በሽታ ያገኘው ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ ይችላል። ለአርባ ዓመት በጀርመንኛ የሠራች ሴት አንድ ቀን «ውሃ» ትላለች እንጂ «ቫሰር» አትልም። በዚያ ሰዓት ምርጫዋን የሚናገርላት ወይ ልጇ ነው፣ ወይ ቀድማ ያስጻፈችው ወረቀት። ጀርመን ከ2009 ጀምሮ በሕክምና ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ፈቃድን በሕግ አጽንታለች፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያና እንክብካቤ ውል ሕግም ቤቱ ከመፈረሙ በፊት ሁሉንም ነገር በጽሑፍና በሚገባ ቋንቋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። የ1942ቱን «ውል» ላስታወሰ ሰው ይህ አንቀጽ ቢሮክራሲ ብቻ አይመስልም። ለሐበሻ ቤተሰብ ግን ዋናው ችግር ወረቀቱ ሳይሆን ወሬው ነው፦ አባት ደህና ሆኖ ቡና እየጠጣ ሳለ «ስታረጅ የት ትሆናለህ? ማን እንዲያጥብህ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ሟርት ይቆጠራል። ስለዚህ አይጠየቅም። ሲታመም ደግሞ ልጆቹ በግምት ይመልሳሉ።

ወደ ዞሰንሃይም ስንመለስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የነዋሪዎችን ምክር ቤት የሚመርጠው በምርጫው ቀን በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ነው። ፓስፖርት አይጠየቅም። ምክር ቤቱ ሠራተኛ መሾም ወይም ዋጋ መወሰን አይችልም፤ ግን ስለ ምግቡ፣ ስለ ቀን ውሎው፣ ስለ ቤቱ ሥርዓት ሊደመጥ ይገባል። በሽቫልባኹ ሃይም ምን እንደሚበላ ያልተጠየቀ፣ ቆይቶም ዜግነት ሳይወስድ ሲሠራና ግብር ሲከፍል የኖረ ሰው ለፍራንክፈርት ከተማ ምክር ቤት እንኳ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርመን ምድር የምርጫ ወረቀት የሚሰጠው በሰማንያ ዓመቱ፣ በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የዓርብ ምሳ ነው።